ተንበርክኮ መሥራት፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻዬ

የቤቴን ወለል ራሴ ሴራሚክ ላለብስ ከተነሣሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ስለ ልኬት፣ ስለ አቆራረጥ፣ ስለ ማጣበቂያው ብዙ አንብቤ ነበር። ስለ ጉልበት ግን ያነበብኩት ነገር አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ማስታወሻ ስለ ሴራሚኩ ሳይሆን፣ ተንበርክከን ስንሠራ ጉልበታችን ላይ ስለምናስረው መከላከያ ነው። እንደ እኔ ጀማሪ የሆናችሁ ሳትጎዱ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አንደኛ ሳምንት

ያለ ምንም መከላከያ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተንበርክኬ ቆይቼ ስነሣ እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። ማታ ሱሪዬን ሰብስቤ ሳየው፣ ከጉልበቴ ሎሚ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ጎላ የሚልበት ቦታ ቀልቷል። የጨርቁ ሽመና መስመር በመስመር ቆዳዬ ላይ ታትሟል። በቀኙ በኩል ደግሞ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቆዳዬ ውስጥ ተሰክታ ነበር። ሙሉ ቀን ያሠቃየችኝ እሷ ነበረች።

ሁለተኛ ሳምንት

የጉልበት መከላከያ ገዛሁ። በእጄ ስጨብጠው ደስ የሚለውን፣ በጣም ለስላሳውን መረጥኩ። ስህተት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይመቻል። ከዚያ በኋላ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ይተኛና ጉልበቴ መልሶ ወለሉን ያገኘዋል። አሁን ሳልገዛ በፊት በአውራ ጣቴ በደንብ እጫነዋለሁ። ጣቴ ከጀርባው በኩል ከተሰማኝ፣ የሰውነቴን ክብደት አይችልም ማለት ነው።

ሦስተኛ ሳምንት

ነገሩ በደንብ የገባኝ በዚህ ሳምንት ነው። አንድ ቀላል ሙከራ ሠራሁ፤ እናንተም ሞክሩት። ጉልበቴን በውሃ አርሼ ደረቅ ካርቶን ላይ ተንበረከክሁ። የቀረው እርጥብ ምልክት ትንሽ ነው፤ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ገጥሜ የምሠራውን ክብ ቢያህል ነው። ቀጥሎ ጠንከር ያለ ስፖንጅ መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ስስ ወረቀት አልብሼ ተንበረከክሁበት። ምልክቱ መዳፌን አከለ።

ክብደቴ አልተቀነሰም፤ ያረፈበት ቦታ ነው የሰፋው። በቁጥር እንየው። አንድ ጉልበት ላይ 30 ኪሎ አርፏል እንበል። ያ ሸክም 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ኪሎ ይሸከማል። 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ግን ግማሽ ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። የመከላከያው ዋና ሥራ ይህ ነው። ልስላሴው የሚጠቅመው የጉልበትን ቅርጽ ተከትሎ ቦታውን እስካሰፋ ድረስ ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? ከሎሚው ፊት፣ ልክ ከቆዳው ስር፣ ጥቂት ፈሳሽ የያዘች ስስ ከረጢት አለች። ሐኪሞች ቡርሳ ይሏታል። ቆዳው አጥንቱ ላይ ሲንሸራተት እንዳይፋተግ ታደርጋለች። በየቀኑ ስትጨፈለቅ ግን ትቆጣለች፤ ፈሳሿ ይበዛና ጉልበቱ ከፊት ያብጣል። እንግሊዞች ይህን ሕመም «የቤት ሠራተኛ ጉልበት» ብለው ነው የሰየሙት፤ ተንበርክከው ወለል ከሚፈትጉ ሴቶች የተነሣ። ከሎሚው በታች ያለችው ሌላዋ ከረጢት ስታብጥ ደግሞ «የቄስ ጉልበት» ይባላል። ስሞቹ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተማሩኝ። ወደ ፊት አጎንብሰን ስንሠራ ጫናው ወደ ሎሚው ያደላል። ቀጥ ብለን ስንንበረከክ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሎሚውን ብቻ የሚሸፍን መከላከያ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ወደ ቅልጥሙ ወረድ የሚል ምረጡ።

አራተኛና አምስተኛ ሳምንት

ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ስፖንጅ ያለውን ሞከርኩ። ጠጠር ባለበት ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ልዩነቱ የትየለሌ ነው፤ ጠጠሯ ፕላስቲኩን ትወጋለች እንጂ እኔን አታገኘኝም። ያለቀ ሴራሚክ ላይ ግን ይንሸራተታል። ስሩ አሸዋ ከያዘ ደግሞ ሴራሚኩን ይጭራል። እዚያ ላይ ፊቱ ጎማ የሆነው ይሻላል። መለያው ላይ «ኢኤን 14404» (EN 14404) የሚል ካገኛችሁ የጉልበት መከላከያ የሚመዘንበት የአውሮፓ መለኪያ ነው። ደረጃ 0 ከሹል ነገር አይከላከልም፤ 1 እና 2 ይከላከላሉ፣ 2 ይበልጣል።

ማሰሪያውን መጀመሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና እግሬ ደነዘዘ። ከጉልበት ውጪኛው ጎን ዝቅ ብሎ ከቆዳ ስር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱን መጫን አያስፈልግም። አሁን ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል አላላዋለሁ።

ስድስተኛ ሳምንት

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መከላከያው ከውጭ የሚመጣውን ጫና ያበርዳል እንጂ ጉልበት ተጣጥፎ ሲቆይ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚፈጠረውን ጫና አያነሣም። ስለዚህ አንድ መስመር ሴራሚክ በጨረስኩ ቁጥር ተነሥቼ እግሬን አፍታታለሁ። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ በተለይ ትኩሳት ከጨመረ፣ የተመረዘ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቀኝ ጉልበቴ አሁን ደህና ነው። ግራው በሩ አካባቢ በአንድ ጉልበት ተደግፌ ስሠራ አሁንም ይሰማኛል፤ እዚያ ጋ ክብደቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ስለሚወድቅ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ለዚያ ጥግ መሬት ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ልጨምር አስቤያለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ንገሩኝ።