የአንድ ድርሃም ጀልባ

በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። የእኛ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ደግሞ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 22 ተጀመረ። እኔም ዱባይ የደረስሁት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሑዳዴን እንደያዝሁ ነው፤ ጾመኛ ወደ ጾመኛ አገር። ደብረ ብርሃን አብረን ያደግን፣ ዛሬ በዱባይና በአዲስ አበባ መካከል የመኪና መለዋወጫ እየነገደ እግዚአብሔር የሰጠው አንድ ወዳጄ ለዓመታት «መጥተህ እየኝ እንጂ» ሲለኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ቲኬቱን ራሱ ቆርጦ ላከልኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው የሰው እንጀራ በልቶ እንደሚያማ ሰው ትንሽ እያፈርሁ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ስለ አየር ማረፊያው፣ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ፎቆቹ የጻፈ ብዙ ስለሆነ አልደግመውም። 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ከሊፋን ከሥሩ ቆሜ ሽቅብ ሳይ አንገቴን አሞኛል፤ ይኸው ነው። ሐሳቤ ተይዞ የቀረው በሁለተኛው ምሽት ወዳጄ ለኢፍጣር በወሰደኝ ሆቴል ውስጥ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሯት በአዳራሹ የሞላው ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ዝም አለ። በየሰው ፊት ሦስት የቴምር ፍሬና አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። ዝምታው ገረመኝ፤ ልጆች እንኳ ቴምሩን በጣታቸው ነካ እያደረጉ ይጠብቃሉ። በዱባይ የማፍጠሪያውን ሰዓት ፖሊስ መድፍ ተኩሶ ያበሥራል፤ የአዛኑ ድምፅም ተከተለ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንዷን ቴምር ከፍለው ዘሯን ካወጡ በኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው በዝግታ አኘኳት፤ ከዚያ ውሃውን ሦስት ጊዜ እያረፉ ጠጡት። እኔም ቀኑን እህል ሳልቀምስ ውዬ ነበርና አብሬያቸው ቴምሬን በላሁ። እንደዚያ የጣመኝ ነገር ስንት ዓመት ሆኖታል ብዬ ባስብ ትዝ አልል አለኝ።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወንበሮች ተንኳኩ፣ ሰዉ ሰሃን ይዞ ተነሣ። እንዳለ የተጠበሰ በግ ሩዝ ላይ ተጋድሟል፤ የሕንዱ ቢሪያኒ፣ የጣሊያኑ ፓስታ፣ የጃፓኑ ጥሬ ዓሣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የጣፋጩ ጠረጴዛ ብቻውን የእኛን ሰፈር ዕድር ድንኳን ያህል ይረዝማል። የአገሬ ልጅ የሆነች አንዲት አስተናጋጅ መንገድ እንደጠፋው ሰው ስንቀዋለል አይታኝ ኖሮ ቀረብ አለችና፣ «ጾም ላይ ነዎት አይደል?» አለችኝ። ምስር ሾርባው የሥጋ መረቅ እንዳለበት ነግራኝ ወደ ፉሉና ከተፈጨ ሽምብራ ወደሚሠራው ሁሙስ መራችኝ። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ፉል በዳቦ በልቼ በጊዜ ጠገብሁና ሌላውን ሰው የማየት ፋታ አገኘሁ።

አብዛኛው በላተኛ ዐይኑ ሰሃኑ ላይ አልነበረም። የጎረሰውን እያኘከ ቀጥሎ የሚያነሣውን ያማትራል፤ ሎብስተር የሚሉት የባሕር እንስሳ እግር ከሩዙ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዳር የተቀመጠው ኬክ በወጥ እየራሰ፣ ሌላ ሰሃን ፍለጋ ይነሣል። ሽማግሌው ልጆቻቸው ያመጡላቸውን ሦስት ሰሃን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሌላ ቴምር አስመጡ። በሉት፤ ዐይናቸውን ግን አልጨፈኑም። ስንወጣ በየጠረጴዛው የቀረው ምግብ ግማሽ ያህል ነበር። አገሩም ይህን አላጣውም፤ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2022 «ኒዕማ» የሚባል፣ የምግብ ብክነትን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ያለመ ብሔራዊ መርሐ ግብር ጀምሯል፤ ቃሉ ጸጋ ማለት ነው። የተደፋውስ በኪሎ ይመዘናል፤ ሆድ ገብቶ ያልተቀመሰውን ማን ይመዝነዋል?

በመኪና ስንመለስ ወዳጄ በድንገት፣ «የእናትህን የፋሲካ ዶሮ ታስታውሳለህ?» አለኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ? ዘጠኝ ነበርን፤ ዶሮዋ አንድ ናት። ከ55 ቀን ሽሮና ጎመን በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ወደ ማታ ደግሞ ቅቤው ሲገባ፣ ሽታው ከነበርንበት ጨዋታ እየጎተተ ያመጣን ነበር። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ተኙ እንባላለን፤ ማን ይተኛል! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፌዱ ተነሥቶ አሥራ ሁለቱ ብልት ሲታደል፣ እንቁላሉ ስለማይደርስ እናቴ በክር ለሁለት ትከፍለው ነበር። ያቺን ግማሽ እንቁላል ለመጨረሻ ጉርሻ አስቀምጦ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ዘግይቶ መብላት በልጆች ዘንድ እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር። ወዳጄ አንድ ዓመት ከእኛ ቤት አድሮ ግማሹን በኪሱ ደብቆ እስከ ማግሥቱ አቆይቶታል፤ የኪሱ ቅባት ለወራት አልለቀቀም።

«አሁን ፍሪጁ ሙሉ ዶሮ ነው» አለኝ መሪውን እንደያዘ። «ሠራተኛዬ ባለሙያ ናት፤ በሳምንት ሁለቴ ትሠራዋለች። አልጥም ሲለኝ ቅቤውን ከመንዝ አስመጣሁ። በርበሬውን የእናቴ እህት እንድታስፈጭ አደረግሁ። ያው ነው።»

«ትጾማለህ?»

«ሐኪም ከልክሎኛል እላለሁ እንጂ…» ብሎ ሳቀ።

ያኔ ድሆች ስለነበርን ደስተኞች ነበርን ማለቴ አይደለም። ከዚያች ዶሮ ለእናቴ ለራሷ ስትደርሳት የኖረችው አንገቷ ብቻ መሆኗን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የልጅነቴን ፋሲካ ሳስብ ጣዕሙ ሙሉ ሆኖ አይመጣልኝም።

በማግሥቱ ወዳጄ «ሳታይ እንዳትሄድ» ብሎ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ አቡ ዳቢ ወሰደኝ፤ ያስኬደን በወርቅ ቅጠል የሚጌጥ ካፑቺኖ ነው። ወርቅ ጣዕም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሳይለወጥ ገብቶ ሳይለወጥ ይወጣል። እኔ ካፑቺኖው ወተት ስላለበት ጥቁር ቡና አዘዝሁ፤ የወዳጄ ግን በብር ትሪ፣ ከአረፋው ላይ ወርቁ ተነስንሶበት መጣ። ቡናው ከየት አገር እንደ ሆነ አስተናጋጁን ብጠይቀው አላወቀም፤ ወርቁ 24 ካራት መሆኑን ግን ሦስት ጊዜ ነገረን። ወዳጄ ከላይ አነሣው፣ ከጎን አነሣው፣ እኔን አስይዞ አነሣው፤ ፎቶው አልቆ ሲኒውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አረፋው ሰምጦ ወርቁ ከሲኒው ከንፈር ላይ እንደ ማስቲካ መጠቅለያ ተለጥፎ ነበር። ሁለቴ ፉት ብሎ «በርዷል» አለና ተወው። የቡና አገር ልጆች ሆነን ስንነሣ ሲኒው ከግማሽ በላይ ነበር።

እሑድ የእህቴ ልጅ ዕረፍት ስለነበረች ዴይራ ወደሚባለው የዱባይ ሰፈር ሄድሁ። በአንድ ባለጸጋ ቤት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። እሷና አምስት ጓደኞቿ ለዕረፍታቸው ቀን ብቻ ብለው በጋራ የተከራዩአት አንዲት ክፍል አለቻቸው፤ ቄጠማው ፕላስቲክ፣ ምድጃው የኤሌክትሪክ፣ እንጀራው በአውሮፕላን የመጣ ነው። ዕጣኑ የጭስ ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኸው አንዷ መስኮቱ ሥር ቆማ በሻሽ ታራግባለች። ከአቦል እስከ በረካ ሳይቻኮሉ አፈሉ፤ ማንም ስልኩን አላነሣም፤ ከመካከላቸው አንዷ ሲኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳትጠጣ ሽታውን ብቻ ስትስብ ብዙ ቆየች። የቡናው ጣዕም የወር ናፍቆትም እንዳለበት፣ ናፍቆቱም ማንም ፈልጎ የማይገዛው እንደ ሆነ ዘንግቼው አይደለም።

«ጋሼ፣ የእኛ ማዳም ምን እንደምትወድ ልንገርዎት?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። «ለስምንት ሰው የአርባ ሰው ምግብ እናሰናዳለን። ገበታው ላይ ግን እህል አይገባላትም፤ ትቀመጥና ሹካዋን ታገላብጣለች። ሁሉም ሲተኛ ማድ ቤት ትመጣና ‹ያንቺውን ስጪኝ› ትለኛለች። ሽሮዬን ነው! ቆማ፣ ከድስቱ፣ ጣቷን እየላሰች።»

«ታዲያ ለገበታ አታቀርቢላትም?»

«አንድ ቀን ደኅና አድርጌ ሠርቼ በብር ሰሃን አቀረብሁላት። አልነካችውም።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ሴት አስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረኝን ጊዜ ብቻዬን ስዞር አጠፋሁት። በሺንዳጋ ሙዚየም፣ ነዳጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ሳይገኝ በፊት ይህን ከተማ ያኖረው ዕንቁ እንደ ነበር አነበብሁ። ጠላቂዎቹ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው በእኛ የክረምት ወራት በሚሆነው ሐሩር ቀኑን ሙሉ ባሕር ሲጠልቁ ይውላሉ፤ ጠዋት ጥቂት ቴምርና ቡና ነው፣ ደኅና የሚበሉት ማታ ነው። የሆቴሉ ሽማግሌ አያት ከእነዚህ አንዱ ይሆኑ ነበር ብዬ በልቤ ጠረጠርሁ። በፋሂዲ ሰፈር ደግሞ የጥንት ነጋዴዎች ያሠሯቸው የነፋስ ማማዎች አሉ፤ ማማው ከላይ ያገኘውን ነፋሻ አየር ወደ ክፍሉ ይልከዋል። ከአንዱ ሥር ቆሜ ላቤ ቀስ እያለ ሲደርቅ ተሰማኝ። የወዳጄ ቤት ቀንና ሌሊት 19 ዲግሪ ነው፤ መጋቢት ላይ ብርድ ልብስ ለብሰን ነበር የምንተኛው።

የመጨረሻው ምሽት ላይ ወዳጄን ለምኜ አብራ አሳፈርሁት። አብራ በዱባይ የባሕር ወሽመጥ ላይ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ የሚያሻግር የእንጨት ጀልባ ነው፤ ሂሳቡ አንድ ድርሃም። በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ሲኖር ተሳፍሮበት አያውቅም። ኪሱን ቢፈትሽ ካርድና የመቶ ድርሃም ኖቶች እንጂ ሳንቲም የለውም፤ ጀልባ ነጂውም መልስ አልነበረውምና የሁለታችንንም እኔ ከፈልሁ። መቀመጫው መሐል ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። ከአጠገባችን የቀን ሥራቸውን የጨረሱ ሰዎች በፌስታል የያዙት ቢሪያኒ ይሸታል፤ ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ ውሃው አልፎ አልፎ ጫማችንን ይነካዋል። አንዱ ሰውዬ ከፌስታሉ ቴምር አውጥቶ ለወዳጄ ዘረጋለት። ተቀብሎ በላ፤ ዘሩን የት እንደሚጥል ቸግሮት በጡጫው ያዘው። ከመጣሁ ጀምሮ ያን ያህል ዝም ብሎ አላየሁትም።

ማዶ ስንደርስ መውረዱን ጠላው። «እንዴት ደስ ይላል በናትህ!» አለ፤ ወዲያው ወደ ጀልባ ነጂው ዞሮ ጀልባውን ለብቻችን ለአንድ ሰዓት በስንት እንደሚያከራየን ጠየቀው። ሳልከለክለው ተስማሙ። ለመሳፈር የተሰለፉት ሰዎች ወደ ሌላው ጀልባ ተመለሱ፤ እኛ ሁለት ሆነን ሃያ ሰው በሚይዘው ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወሽመጡን ወደ ላይ ወጣን፣ ወደ ታች ወረድን። ሰው የጫኑት አብራዎች እየተንደቀደቁ በአጠገባችን ያልፋሉ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄድን ወዳጄ ስልኩን አወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቀረን ጠየቀኝ።