ግራጫ ግሌዝ ከጮቄ ሥር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወዳጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ስለ ግራጫው ግሌዝ (ሸክላ ዕቃ ላይ ተቀብቶ በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት ስለሚሆነው ሽፋን) የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ስሞክረው የከረምኩትን እንዳለ ልዘርግፈው።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ጥቁር ቀለም ነጭ ግሌዝ ውስጥ በጥብጦ ግራጫ ማውጣት ይቻላል፤ የሚወጣው ግን ሕይወት የለውም፣ ስኒው የፋብሪካ ይመስላል። እኔ የምፈልገው ጭቃው ውስጥ ካለው ብረትና ከእሳቱ የሚመጣውን ግራጫ ነው። የምጽፈው ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል፣ ቅር አይበላችሁ።

የቀለሙንም መንገድ አልናቅኩትም፣ ሞክሬዋለሁ። ገበያ ላይ ያለው ጥቁር ስቴይን (የተዘጋጀ የግሌዝ ቀለም ዱቄት) አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት፣ ብረት፣ ክሮሚየምና ማንጋኒዝ አንድ ላይ ተተኩሰው የተፈጩበት ነው። በርከት ሲል ጥቁር ነው። ከመቶ ወደ 1 እጅ ስታወርዱት ግን ኮባልቱ ሌሎቹን ያሸንፍና ሰማያዊ ይወጣላችኋል፤ ኮባልት ሩብ እጅ እንኳ ሆኖ መኖሩን የሚያሳውቅ ነገር ነው። ነጩ ግሌዝ በቲን ኦክሳይድ የነጣ ከሆነ ደግሞ ክሮሚየሙና ቲኑ ተገናኝተው ሮዝ ያወጣሉ። ዚንክ ካለበት ወደ ቡኒ ይሄዳል። በዚህ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነጩን በዚርኮን (ግሌዝ በሚያነጣ ማዕድን) ያንጣው፣ ኮባልት የሌለበት ጥቁርም ይፈልግ። ኒኬል ኦክሳይድ በትንሹ ሲገባ ብቻውን ግራጫ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዱቄቱ ሲተነፈስ ካንሰር አምጪ ስለሆነ፣ የምሠራውም ቤቴ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ አላስገባሁትም።

ዋናው ነገር ጭቃው ነው። የእኛ ቀይ አፈር ብቻውን ስቶንዌር፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሸክላ፣ አይሆንም። ከባዛልት መበስበስ የመጣና ብረት የበዛበት ስለሆነ፣ እናቶቻችን ለጀበናና ለእንስራ ሜዳ ላይ ሲተኩሱት ግሩም ነው፤ የስቶንዌር ሙቀት ሳይደርስ ግን ያብጣል፣ ይቀልጣል። ስለዚህ መሠረቴ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር)፣ ፌልድስፓር (እሳት ላይ የሚያቀልጥ የድንጋይ ዱቄት) እና ኳርትዝ (የሲሊካ ድንጋይ ዱቄት) ነው። ቀይ አፈሩን በውሃ በጥብጬ፣ በወንፊት አጥልዬ፣ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ እጨምርበታለሁ። ካኦሊን ለብቻው ስንጥቅጥቅ የሚል፣ እጅ ላይ የማይታዘዝ ጭቃ ነውና አፈሩ ልስላሴም ያመጣለታል። 20 እጅ ሲሆን አንዳንዱ ዕቃ ሆዱ አረፋ ቋጥሮ ይወጣል።

ብረት በቂ አየር ባለው እሳት ቀይ ወይም ቡኒ ነው። ሪዳክሽን በምንለው የታፈነ እሳት ውስጥ ግን እሳቱ የጎደለውን ኦክስጅን ከብረቱ ላይ ይነጥቃል፤ ጭቃውም እስከ ውስጡ ግራጫ ይሆናል። የጀርመኖቹ የቬስተርቫልድ ማሰሮዎች ግራጫነታቸው ከጭቃውና ከእንዲህ ዓይነቱ እሳት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ትኩስ ምድጃ ውስጥ ከሚጣል ጨው የሚፈጠር ቀጭን የጨው ግሌዝ ብቻ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፦ ጭቃው ግራጫ ይሁን፣ ግሌዙ ያሳየው።

ለግሌዙ መነሻዬ ሸክላ ሠሪዎች 4-3-2-1 የሚሉት የታወቀ ቀመር ነው፤ ፌልድስፓር 40፣ ኳርትዝ 30፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 20፣ ካኦሊን 10። ኮን 10 (ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ ሙቀቱ ሲደርስ ጎንበስ የሚል መለኪያ ሾጣጣ) ላይ ጥርት ብሎ ይቀልጣል።

የኖራውን ነገር ግን ላስምርበት። ከሱቅ በቀላሉ የምናገኘው ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ነው፤ እሱ ተቃጥሎ ውሃ የጠጣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እንጂ ቀመሩ የሚለው ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም። 100 ግራም ካርቦኔት የሚሰጠውን ካልሲየም 74 ግራም ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል፤ ስለዚህ በ20 ፋንታ 15 ገደማ ነው የሚገባው። ይህንንም አስተካክላችሁ ባልዲ ውስጥ ግሌዙን ያጓጉለዋል፣ እጅም ይበላል። አፉ ተከፍቶ የቆየ ከረጢት ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካርቦኔት ስለሚመለስ ልኬቱ ይጠፋባችኋል። እኔ ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ከደጀን በኩል የመጣ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ አስፈጭቼ ነው የምጠቀመው። ገደሉ ውስጥ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ጂፕሰምም ስላለ ከማስፈጨታችሁ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፣ ጂፕሰም ዝም ይላል። ጂፕሰሙ ከገባ ሰልፈሩ ሲወጣ ግሌዙን በቀዳዳ ይሞላዋል።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልግባ። ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ አካባቢያችን ያለው ጥቁር ድንጋይም ባዛልት ነው፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ብረት ኦክሳይድ ያለበት። ብሎኬት ሠሪዎቹ ዜሮ ዜሮ የሚሉትን የክራሸር ዱቄት ወስጄ፣ ደግሜ ወቅጬ፣ ባለ 80 ሜሽ (ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ) ወንፊት ያለፈውን ብቻ በ4-3-2-1 ላይ ደረጃ በደረጃ ጨመርኩ። 5 እጅ ሲሆን ሰማያዊ የሚል ስስ ግራጫ፣ 10 እጅ ሲሆን ጠለቅ ያለ፣ 20 ሲደርስ የወይራ ቅጠል፣ ከግማሽ በላይ ሲሆን ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ላይ ቡኒ ይላል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጥቂት ታይታኒየም ብረቱን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴና ግራጫ ይጎትተዋል።

እዚህ ላይ ያየሁት ነገር ነው አቋሜን ያጸናልኝ። 10 እጅ ባዛልት ያለበትን ያንኑ ግሌዝ፣ ከአንድ ባልዲ፣ በአንድ ምድጃ፣ ቀይ አፈር በሌለበት ነጭ ጭቃና ባለበት ጭቃ ላይ አድርጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ነጩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው፣ ማንም ግራጫ አይለውም። ብረት ባለበት ጭቃ ላይ ያለው ግን ልክ የክረምት ሰማይ ነው።

ከኖራ ድንጋዩ ግማሹን በአመድ ተክቼም አየሁ። አዊ ዞን ፋግታ በኩል ዴከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ለከሰል ይቃጠላል፣ አመዱ በገፍ ነው። ውሃ እየቀያየራችሁ እጠቡት፤ የሚሟሟው ፖታሽ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንት አይረሳ። አመድ ካልሲየምም ፎስፈረስም ስላለው ግራጫው ላይ ወተት የሚመስል ደመና ያመጣል። በጣም ወድጄዋለሁ፣ ነገር ግን ይወርዳል፤ ከዕቃው ግርጌ ሰፋ ያለ ቦታ ሳይቀባ ይተው።

የግሌዙ ውፍረት ከቅመሙ እኩል ነው። የ1 ሊትር ግሌዝ ክብደት 1.4 ኪሎ ላይ አቆየዋለሁ። ከሳሳ ጭቃው ቡኒ ሆኖ ይታያል፤ ከወፈረ ደግሞ ግሌዙ የራሱን አረንጓዴ ያጎላል።

እሳቱ ላይ ለደጋ ሰው የሚጠቅም ነገር አለኝ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ የተጻፈ የጋዝ ምድጃ መመሪያ እዚህ ሲሠራ ሳይፈለግ ታፍኖ ይቆያል፤ ጋዙ ያልቃል፣ ሙቀቱ አይጨምርም። የበርነሩን አየር ማስገቢያ ከተባለው በላይ ክፈቱና እስከ 900 ዲግሪ በንጹሕ እሳት ውጡ። ከዚያ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ገፋ አድርጋችሁ፣ በማያ ቀዳዳው አጭር ለስላሳ ነበልባል ብቅ እስኪል አፍኑት። ግሌዙ ቀልጦ ጭቃውን ከሸፈነው በኋላ ማፈን ብዙም አይጠቅምም፤ ጭቃው ቀድሞ መድረስ አለበት። ከ1,000 በላይ ቀላል ማፈን በቂ ነው። መጨረሻውን በኮን 10 ነው የምለየው፣ 1,285 ዲግሪ አካባቢ ይወድቃል፤ ቴርሞሜትር ሙቀቱን እንጂ ሙቀቱ ዕቃው ላይ የቆየበትን ጊዜ አይነግራችሁም። ታፍኖ የሚነድ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለንና ምድጃው ክፍት ቦታ ይሁን።

ሲቀዘቅዝ አየር ስለሚገባ፣ ግሌዝ ያልነካው የዕቃው እግር ተመልሶ ብርቱካናማ ይላል። ጥፋት አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ሆን ብዬ ሰፊ እግር እተዋለሁ።

ሻካራ ያለውንም የሚወድ አለ። ኳርትዙን ወደ 15 አውርዳችሁ ካኦሊኑን ወደ 25 ብታወጡ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ለሳህን ግን ማንኪያ ጭረት ይተውበታል፤ ለአበባ ማስቀመጫ ይሁን። ጠጅ ወይም ሎሚ ለሚነካው ዕቃ ደግሞ ግሌዙ ላይ ቁራጭ ሎሚ አሳድራችሁ እዩት፤ ጠዋት ቀለሙ ከለቀቀ ወይም ምልክት ከተወ ለምግብ አይሆንም። ብሩሁ ግራጫ ይህን ፈተና አልፏል፣ የአመዱ ገና አድሮ አልታየም።