ጀበናው ስንት ነጥብ ይሰጠው?

ለንደን ውስጥ ቤቴ ልጆች እጠብቃለሁ። በኦፍስቴድ (የእንግሊዝ የትምህርትና የልጆች እንክብካቤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የተመዘገብኩ ቻይልድማይንደር ነኝ። ሥራውን ስጀምር ሪስክ አሰስመንቱን፣ ማለትም ቤቱ ውስጥ ያለውን አደጋ መገምገሚያ ቅጽ፣ የሞላሁት ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

አሠራሩ አይከብድም። ለእያንዳንዱ አደጋ የመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ የጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ይሰጠውና ሁለቱ ይባዛሉ። ትልቁ 25 ነው። እኔ ለሁሉም 3 በ3 ሰጠሁ። መወጣጫ ደረጃው 9፣ የመጋረጃው ገመድ 9፣ ጀበናው 9። ቅጹ ሞላ፤ የቱን ዛሬውኑ ማስተካከል እንዳለብኝ ግን አልነገረኝም።

ዓይኔን የገለጠው የ10 ወር ልጅ ነው። ሰኞ ጠዋት እየዳኸ ሄዶ እጁን ከሶፋው ሥር ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ መሃል አንዲት የሽምብራ ቆሎ ይዟል። አፉ ጋ ሳትደርስ ያዝኩት። እሑድ እንግዳ ነበረን፤ ቡና ተፈልቶ ቆሎና ፈንዲሻ ቀርቦ ነበር። ማታ ቤቱን ጠርጌአለሁ፤ ከሶፋው ሥር ግን አላየሁም።

ልጆቹ ሲተኙ በሆዴ ተኛሁና ሳሎኑን በእሱ ቁመት አየሁት። ሌላ ሁለት ፍሬ ቆሎ፣ አንድ ያልፈነዳ በቆሎ፣ ክዳኑ የላላ ትንሽ ሪሞት አገኘሁ። ውስጡ ያለችው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ናት። ልጅ ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። እጄ ተንቀጠቀጠ።

በዚያው ቀን እንደገና ጻፍኩ። ቆሎ ያንቃል፤ ስለዚህ ክብደቱ 5፣ ዕድሉ 4፣ በጠቅላላ 20። አሁን ቆሎና ፈንዲሻ ሳሎን አይገባም፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ሶፋው ተነስቶ ይጠረጋል። ዕድሉ ወደ 1 ወረደ። ክብደቱ ግን እዚያው 5 ነው። በፊት የምሳሳተው እዚህ ጋ ነበር፤ ጥንቃቄ ባደረግኩ ቁጥር ሁለቱንም ቁጥር እቀንስ ነበር። ደረጃው ላይ የገጠምኳት አጥር ልጁ እንዳይወጣ ትከለክላለች እንጂ ከላይ ከወደቀ አጥንቱን አታጠነክርለትም። ክብደቱ የሚቀንሰው ነገሩ ራሱ ሲለወጥ ነው። የመታጠቢያው ውሃ ከልክ በላይ እንዳይሞቅ የሚያደርግ ቫልቭ ሲገጠም፣ ያኔ አዎ።

ሕጉ ሁሉንም ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ አይልም። እኔም ነጥቡ ከ6 በታች ለሆነው አደጋ ወረቀት ማብዛት ትቻለሁ። ከዚያ ይልቅ ነጥቡን የምሰጠው ቤት ውስጥ ላለው ትንሹ ልጅ ነው። ለ4 ዓመቷ ልጅ ቆሎ 20 አይሆንም ነበር።

ጀበናውስ? ትኩስ መጠጥ ከተቀዳ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሕፃን ያቃጥላል፤ ጀበና ደግሞ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ልጆች ባሉበት ሰዓት ቤቴ ቡና አይፈላም። አንድ ረቡዕ ጓደኛዬ መጥታ «አንድ ሲኒ ምን ታመጣለች?» አለችኝ። «ማታ ነይ፣ እስከ በረካው እንጠጣለን» አልኳት። መጣች፤ ጠጣን።

ልጁ ሰሞኑን ዕቃ ይዞ መቆም ጀምሯል። የጠረጴዛው ጠርዝ እስካሁን 3 ነበር። ዛሬ ጠዋት 12 አድርጌው፣ ማዕዘኑ ላይ ስፖንጅ ለጠፍኩ።