የእናቴ ባዘቶ

ውድ ወዳጆቼ፣ ጽሑፎቼንም የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ጎረቤቶቻችን የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ካስቀመጡት ሰንብተዋል። የእኛ ዛፍ ግን ታኅሣሥ 29ን ይጠብቃል፤ መብራቱም የሚጠፋው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እኔም በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ፣ የተሰቀሉትን ጌጦች አንድ በአንድ እየነካሁ የሠራቸውን ሰው አስባለሁ።

በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ፣ በእኛ ቤት ጌጥ ከሱቅ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። አባቴ የጥድ ቅርንጫፍ አምጥቶ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይተክልልናል፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሰበሰብነውን ብርማ ወረቀት በባዶ የክብሪት ቀፎ ላይ እየጠቀለልን በክር እናንጠለጥላለን። በረዶውን የምትሰጠን እናቴ ነበረች። ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ ለእንዝርት ካዘጋጀችው ባዘቶ ላይ ቆንጠር አድርጋ ስትሰጠን፣ «ቀስ በሉ፣ ይህ ነጠላ የሚሆን ነው» ትለን ነበር። እውነቷን ነበር፤ በዓሉ ሲያልፍ ባዘቶውን ከቅርንጫፉ ላይ ለቅማ፣ የተጣበቀበትን የጥድ ቅጠል በትዕግሥት አራግፋ ትፈትለዋለች። ከአገር ስወጣ በትከሻዬ ላይ ያደረገችልኝ ነጠላ ከዚያ ፈትል የተሸመነ ነው፤ የልጅነቴ ገናዎች በውስጡ እንዳሉ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ፣ እርሷ ካረፈች በኋላ ነው። ነጠላው አርጅቶ ሲሳሳ መጣሉ አልሆነልኝም። ጥለቱን ቆርጬ በአንድ ኳስ ዙሪያ ሰፋሁት፤ ዛሬ ከጌጦቻችን ሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው እርሱ ነው።

ከእርሱ በታች ልጆቼ የሠሯቸው አሉ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና አንድ ኩባያ ያህል ውሃ አብረን እናቦካለን፤ ሊጡን ዳምጠን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገን ከቆረጥን በኋላ፣ ለክር የሚሆን ቀዳዳ በስተን በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት እናደርቀዋለን። በጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበታል። ይህንን ጽሑፍ አደራ እላችኋለሁ፤ ማን፣ መቼ እንደሠራው ያልተጻፈበት ጌጥ ከሃያ ዓመት በኋላ የማንም ይሆናል።

የመስታወት ኳሶችም አሉን፤ ከሱቅ የተገዙ ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ ብዙ ቦታ አልሰጣቸውም ነበር። በኋላ ግን የዚህ ጌጥ አገሩ በጀርመን ቱሪንጊያ ውስጥ ያለችው የላውሻ ከተማ መሆኗን አነበብሁ። በከተማዋ የመስታወት ሥራ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1597 ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገና ጌጥ በየቤቱ ይሠራ ነበር፤ አባት መስታወቱን በእሳት ላይ እየነፋ፣ እናትና ልጆች ውስጡን በብር ውሁድ እያጠቡና ላዩን ቀለም እየቀቡ። ያንን ካወቅሁ ወዲህ እነዚያ ኳሶች የማላውቃቸው ቤተሰቦች እጅ እንዳለባቸው ይሰማኛል፤ ስሰቅላቸውም እጠነቀቃለሁ።

ዘንድሮ ታላቅ እህቴ በመንገደኛ እጅ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ላከችልኝ። ክዳኗን ስከፍት እናቴ ሳትፈትለው የቀረ ባዘቶ አገኘሁ። ልጄ በጣቶቿ ጫፍ እያነሣች በቅርንጫፎቹ ላይ ስታስቀምጠው፣ እኔም ሳላስበው «ቀስ በይ፣ ይህ ነጠላ የሚሆን ነው» አልኋት። ከጥምቀት በኋላ አብረን ለቅመን፣ ቅጠሉን አራግፈን ወደ ሙዳዩ እንመልሰዋለን። እንዝርት ማሾር እንዳስተምራትም ጠይቃኛለች።