ክራሬንና ድምፄን የለያዩብኝ ስቱዲዮ

ክራር የተማርኩት ብዙ ሰው በሚማርበት መንገድ ነው፤ ቅኝቶቹን በየተራ፣ መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል፤ በመጨረሻ አንቺ ሆዬ። ለጭፈራ እገርፈዋለሁ፣ ለብቻዬ ስዘፍን በጣቶቼ እደረድረዋለሁ። ክራር እየደረደሩ የዘፈኑትን የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ቅጂዎች ደጋግሜ ሳዳምጥ፣ አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ለአንድ ዘፈን እንደሚበቁ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ግጥሞቼን አሳጠርኩ፣ ድምፄንም አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው የማወራ ያህል ዝቅ አደረግሁ።

ጣጣው የመጣው ስቱዲዮ ስገባ ነው። ባለሙያው ገና ክራሬን ከቦርሳው ሳላወጣ «መጀመሪያ ክራሩን ብቻ እንቅዳ፤ ድምፁ በኋላ ይደረባል» አለኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገና የምት መቁጠሪያውን ለቀቀብኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ትዝታ በቀጭ ቀጭ ይዘፈናል? ስንኙ ሲያልቅ ድምፅ ይንጠለጠላል፤ ክራሩ ይጠብቀዋል፤ ድምፁ ሲያርፍ ይመልስለታል። ድምፁ ከሌለ ክራሩ ማንን ይጠብቅ? ይህንኑ ብነግረው «ግድ የለም፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አለ። ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

ደግሞም አስተካከለው! በጆሮዬ የቃኘሁትን አውታር ጎትቶ ከኪቦርዱ ጋር አስማማው። ትንፋሼን ቆርጦ ጣለው። አውታሩ ንዝረቱን ሳይጨርስ አፈነው። በላዩ ላይ ኪቦርድና ከበሮ ጫነበትና «አሁን ዘፈን ሆነ» ብሎ ቀሪ ሒሳቡን ጠየቀኝ። ያንን ቅጂ ለማንም አሰምቼ አላውቅም።

በኋላ ቤቴ ቀዳሁ። ባለሙያዎች ድምፅና መሣሪያ ለየብቻ ይቀዳ ይላሉ፤ ለክራር ዘፈን አትስሟቸው። አንድ ማይክሮፎን በአገጫችሁና በክራሩ ገበቴ መካከል አቁሙ፤ ክራሩ ከጎላ ማይክሮፎኑን ወደ አፋችሁ ጠጋ አድርጉት፣ ከዚያ አንዴ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ዝፈኑ። ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ለዝግታ ዘፈን የብረት ክር አልወድም፤ በጣም ይጮኻል፣ የዘፋኙን ድምፅ ይሸፍናል፤ ናይሎን ይሻላል። በክረምት መቅዳት ደግሞ ልፋት ነው፤ ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፣ በዚያ ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ አለ። ጥቅምትን ጠብቁ።

የግድ ስቱዲዮ የምትገቡ ከሆነ ግን አብሮ መቅዳቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የተቀዳውን ጥሬ ድምፅ ሳትረከቡም ሙሉ ክፍያ አትስጡ።