15 ተሰርዞ 13

የምሠራው ላስ ቬጋስ ነው፤ ስትሪፕ ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ ከካዚኖው ጎን ባለች የስፖርት ባር። ሱፐርቫይዘር ነኝ። ስሙ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራው ሺፍት መደልደል፣ መጠጥ ማዘዝና ያኮረፈ ማባበል ነው።

ፌብሩዋሪ 2024 ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ፣ እዚሁ ከተማችን፣ አሌጂያንት ስታዲየም ተደረገ። ድካሙ ገና ከወገባችን ሳይወጣ ማናጀሬ ቢሮዋ ጠራችኝ። የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ማርች 2 የውድድር ዓመቱን እዚያው ስታዲየም ሊከፍት ነው አለችኝ። በአንድ ምሽት ሁለት ጨዋታ፣ አራት ክለብ። «አሜሪካን አዲስ ገበያ ሊያደርጉ ነው የሚመጡት። የኛ ደንበኛ ደግሞ ጨዋታውን አያውቀውም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማብራሪያ ካርድ አዘጋጅ።»

እኔ ስለ ራግቢ የማውቀው ኳሱ እንቁላል መምሰሉን ነው። ማታ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ «ራግቢ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝን አነበብኩ፤ አሳጥሬ አዘጋጀሁት። በአንድ ወገን 15 ተጫዋች። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ሁለቱም ቡድኖች ይሰለፋሉ፤ አንድ ሰው ወደ ላይ አንስተው ይሻማሉ። ምናምን። ሦስት መቶ ካርድ በወፍራም ወረቀት ታተመ። እውነቱን ለመናገር አምሮልኝ ነበር።

የመጠጡንና የሠራተኛውን ነገርም በዚሁ ሐሳብ ሠራሁት። አዲስ ገበያ ከተባለ የሚመጣው አሜሪካዊ ነው። አሜሪካዊ ደግሞ ለቅዳሜ ጨዋታ ዓርብ ማታ ነው የሚገባው። ስለዚህ ትርፍ ሰው ከዓርብ ጀምሮ፣ ትርፍ ድራፍት ዓርብ ጠዋት።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይና ቢጫ ማሊያ የለበሱ አሥር የሚሆኑ ጎረምሶች ናቸው። የቡና ደጋፊ ነኝና ከሩቅ ሳያቸው ልቤ ድንግጥ አለ። «የኛዎቹ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ለካ የብሪዝበን ብሮንኮስ ደጋፊዎች ናቸው። ረቡዕ እጥፍ ሆኑ። ሐሙስ ማታ ተጫዋቾቹ ፍሪሞንት ስትሪት ላይ ለሕዝብ ይቀርቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለማሟሟቂያ ብለው የገቡት ጨረሱን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድራፍት አለቀ። ድግስ ቤት እንግዳ ተቀምጦ እንጀራ አለቀ እንደማለት ነው። ያን ቀን ከሌሎቹ ባሮች በርሚል እየለመንኩ በጋሪ ሳስገፋ ዋልኩ።

ቲፑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። አብራኝ የምትሠራ የሐዋሳ ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። «ሃያ ጃምቦ ጠጥተው ‹ቺርስ› ብለውኝ ሄዱ። ቺርስ ቤት ኪራይ ይከፍልልኛል?» ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አገራቸው አስተናጋጅ ኑሮውን በደመወዙ ነው የሚገፋው፤ እዚህ ቲፕ እንደ ግዴታ መቆጠሩን አያውቁትም። ይህን ግን አስቀድሜ ለልጆቹ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ማን እንደሚመጣ ሳላውቅ ምኑን ልንገር?

የመጨረሻው ጥፊ የመጣው ከአንድ ሽማግሌ ነው። ቀይና አረንጓዴ ባለ መስመር ማሊያ ለብሰዋል፤ የሳውዝ ሲድኒ ራቢቶስ። ቢራ እስኪደርስ ካርዴን አንስተው አነበቡ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ኩራቴ ገና አልበረደም ነበር።

እስክሪብቶ ጠየቁኝ። 15ን ሰርዘው ከላዩ 13 ጻፉ። ሰው ስለ ማንሳቱ ያለውን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። ከዚያ እንደ ፈተና ወረቀት መለሱልኝ። «ይሄ ራግቢ ዩኒየን ነው። የኛ ራግቢ ሊግ ነው። ሌላ ጨዋታ ነው።»

የገባኝ እንዲህ ነው፦ የቡና ደጋፊ ቤት ሄጄ የጊዮርጊስ ማሊያ በስጦታ ሰጥቻለሁ። ያውም ሦስት መቶ።

ሳይቆጡ አስረዱኝ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩት የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ቅዳሜ ለመጫወት ሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቹ ያችን የተቆረጠች እንካስ ቢሉ የራግቢ አለቆች አይሆንም አሉ። ኦገስት 29 ቀን 1895 ሀደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። በኋላ ጨዋታው እንዲፈጥን ብለው ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ተሰልፎ መሻማቱን አስቀሩ፤ በ1906 ሁለት ተጫዋች ቀነሱ። ለተቆረጠ የሰዓት ክፍያ የተጣሉ ሰዎች ጨዋታ መሆኑን ስሰማ፣ ያቺ የሐዋሳ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ስለ አዲስ ገበያው ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ሳውዝ ሲድኒ በ1908 ሊጉ ሲጀመር የነበረ ክለብ ነው። ከ1999 በኋላ ግን ሊጉ ክለቦቹን ወደ 14 ሲያወርድ ተባረረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲድኒ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ እሳቸውም ሴት ልጃቸውን ይዘው ወጥተዋል። ክለቡ በ2002 ተመለሰ። «አዲስ ገበያ ሲሉኝ ኪሴን እይዛለሁ» አሉ። ይህን እያሉ ግን ኪሳቸውን ፈትተው፣ ከአሥር ሰዓት በላይ በርረው መጥተዋል።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማንሊ ሳውዝን 36 ለ24 ደቆሰው። ቀጥሎ ሩስተርስ ብሮንኮስን 20 ለ10። የኔ ቡናማ ለባሾችም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ፤ ያ ደግሞ ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

ስታዲየሙ 40,746 ሰው ገብቶበታል ተባለ። በማግስቱ ሂሳቦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። እኛ ጋ የከፈለው አብዛኛው ካርድ የአውስትራሊያ ባንክ ነው። ለማናጀሬ «አዲሱ ገበያ አልመጣም፤ አሮጌው ነው አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣው» አልኳት። «ታዲያ ምን ከፋህ? ብሩ ያው ብር ነው» አለች። ለሆቴሉ እውነቷን ነው። ለሊጉም ቢሆን ስሌቱ ሞኝነት አይደለም። እዚህ ቅዳሜ ማታ ሲሆን ሲድኒ እሁድ ከምሳ በኋላ ነው፤ አገሬው ሶፋው ላይ ሆኖ ያያል። የሊጉ ኮሚሽን ሊቀመንበር ፒተር ቭላንዲስ ደግሞ ዓይናቸው ያረፈው የአሜሪካ ውርርድ ላይ መሆኑን አልደበቁም። አሜሪካዊው ጨዋታውን መውደዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊጉ በ2028 የፓፑዋ ኒው ጊኒ ክለብ ሊያስገባ መሆኑን ሳነብ፣ እዚያ ማንም ማብራሪያ ካርድ ማተም አያስፈልገውም ብዬ ሳቅኩ። አገሩ ሁሉ ራግቢ ሊግ ነው። የጎደለው ገንዘቡ ነበር፤ እሱንም የአውስትራሊያ መንግሥት በአሥር ዓመት 600 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊሞላው ነው።

በ2025 ሲመጡ ትርፍ ሰው የመደብኩት ከሰኞ ጀምሮ ነው። የቲፑን ነገር ለልጆቹ ቀድሜ ነገርኩ፤ ሂሳቡ ላይ አገልግሎት ተደምሮ እንዲወጣም ማናጀሬን ለመንኩ። ማብራሪያ ካርዱ ላይ 13 አልኩ፣ ስድስት ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ ማስቆም) አልኩ፣ ለአንድ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት) አራት ነጥብ አልኩ። ከማሳተሜ በፊት መስመር ላይ ላገኘሁት የሳውዝ ደጋፊ አስነበብኩት። በዚያ ዓመት አራት ጨዋታ ነበር። የእንግሊዝ ክለቦቹ ዊጋንና ዋሪንግተን ስለተጋጠሙ እንግሊዞችም ጎረፉ። 45,209 ሰው ገባ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ባልና ሚስት ተቀመጡ። እዚሁ ጎረቤት ከተማ፣ ሄንደርሰን ነው የምንኖረው አሉኝ። ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ስድስት ታክል ማለት እንደኛ ፉትቦል አራት ሙከራ ማለት ነው?» አለኝ ባልየው። አዎ ብዬ ሳልጨርስ ከጎን የነበሩት የዊጋን ደጋፊዎች ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። ጨው፣ በርበሬና ኬቻፕ ተደርድሮ ጠረጴዛው ሜዳ ሆነ።

ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት አዲስ ገበያ ሁለት ሰው ሆኖ መጣ። ሁለቱም ቢራ አይጠጡም።