ፖስተሩን ለማን ነው የሠራሽው?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሚያዝያ ላይ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ልታሳትም መጣች። ትልቅ ፖስተር ነው። መሀሉ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ከላይ ሁለት ቁጥር፦ 50.3 እና 14.5። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በየ100,000 ወሊዱ የሞቱት ጥቁርና ነጭ እናቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ናሙና ሲወጣ የሴትዮዋ ፊት አመድ መስሎ ቁጭ አለ። ጠይም ቆዳ ላይ ሳያን፣ ሰማያዊው የማተሚያ ቀለም፣ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ሳያኑን ቀንሼ፣ ማጀንታውን (ሮዝማ ቀዩን) እና ቢጫውን ጨምሬ ደጋግመን አወጣነው፤ ልጅቷ ግን ፍንክች አላለችም። "በሕይወት ያለች መምሰል አለባት" ትላለች። እውነቷን ነው።

ወረቀት የምትቆርጠው ባልደረባዬ፣ ያገራችን ልጅ፣ ቁጥሩን አየችና "ይሄ የድሃና ያልተማረ ጣጣ ነው፣ እኛን አይነካንም" አለችኝ በአማርኛ። ተማሪዋ ምን አለች ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት (ምን ላድርግ!)። አልተቆጣችም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2019 ባወጣው ጥናት ዲግሪ ያላቸው ጥቁር ሴቶች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የሚሞቱበት መጠን ዲግሪ ካላቸው ነጮች 5.2 እጥፍ ነው አለች። የቴኒስ ኮከቧ ሴሪና ዊሊያምስ እንኳ በ2017 ወልዳ ሳንባዋ ውስጥ ደም ሲረጋ፣ ምርመራውን ራሷ ወትውታ ነው ያሠራችው። "ደግሞ ሆስፒታል ቅጹ ላይ ዘር ሲጠየቅ እኔና አንቺ የምንሞላው አንድ ሳጥን ነው" አለቻት።

ባልደረባዬ ትንሽ ዝም ብላ፣ "እሺ፣ ይሄን አይቼ ከመፍራት ሌላ ምን ላድርግ? ለማን ነው የሠራሽው?" ስትል ተማሪዋ ላፕቶፗን መልሳ ከፈተች።

ፖስተሩ ሐኪሞች የሚያልፉበት ኮሪደር ላይ እንዲሰቀል ቀረ። ለእናቶች መንጃ ፈቃድ የምታክል ካርድ ወጣች፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ደም። ከታች ድንገተኛ ክፍል ገብተው የሚሉት ነገር፦ "ከወለድኩ ዓመት አልሞላኝም"። ይቺ መስመር ናት ዋናዋ። አደጋው ከወሊድ በኋላ እስከ ዓመት ይዘልቃል፣ ልጁን ቤት ትተሽ ከመጣሽ ደግሞ ወላድ መሆንሽን ማን ያውቃል?

አሁን ባልደረባዬ የአማርኛውን እያሠራችኝ ነው፣ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ከገንፎው ጋር ልታድል። ራስ ምታቱን ከሁሉ በላይ አድርገው አለችኝ፤ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው የሚያስተኙ አሉ።